ባፈሙዝ የሚጎርሰው ጠመንጃ ከአደን ቪዲዮ ለምን ጠፋ?

ወንድማችን የጠየቀው እኔንም ለዓመታት ሲያብሰለስለኝ የኖረ ነገር ነው። «የአደን ቪዲዮ ስከፍት ቀስት አለ፣ መነጽር የተገጠመለት ዘመናዊ ጠመንጃ አለ። ባሩድና አረሩን ባፈሙዙ የሚጎርሰው የጥንቱ ነፍጥ ግን የለም። ፈረንጆቹ ትተውት ነው?» ብሏል።

አልተዉትም። ጎንደር ተመልሼ የሰርግ ቪዲዮ መሥራት ከመጀመሬ በፊት አሜሪካ ፔንሲልቬንያ ኖሬያለሁ፤ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋርም አጋዘን አደን እወጣ ነበር። አብዛኞቹ ግዛቶች ለዚህ ጠመንጃ ለብቻው የአደን ወቅት አላቸው። ፔንሲልቬንያ በባልጩት ለሚተኮሰው፣ እነሱ ፍሊንትሎክ ለሚሉት፣ ወቅት የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። የፈረንጆቹ ገና ካለፈ በኋላ፣ በዚያ ብርድ፣ ሰዉ ዛሬም ይወጣል።

አንዳንዶቻችሁ «ሩቅ ስለማይመታ ነው» ብላችኋል። ቀስትስ? ቀስት ከዚያም ያነሰ ነው የሚደርሰው፤ ቪዲዮው ግን በቀስት የተሞላ ነው። ልዩነቱ ቀስት ሲበር መታየቱ ነው። ጭራው ላይ መብራት ያደርጉለታል፣ በዝግታ ይደግሙታል፣ ተመልካቹ የት እንዳረፈ ያያል። ባሩድ ግን ተመልካቹ ሊያይ የመጣባትን ቅጽበት ይሸፍናታል።

አንድ ጠዋት ካሜራ ይዤ ከባልደረባዬ ኋላ ነበርኩ። ቃታውን ሲስብ ባልጩቱ ብረቱን መታ፤ መጀመሪያ ከጎን ያለችው ትንሿ ባሩድ ቦግ አለች፣ ከዚያ ዋናው ጮኸ። እንደተኮሰ በጉልበቱ ተንበረከከ። ለካ ከጭሱ ሥር አጎንብሶ አጋዘኑ በየት በኩል እንደሮጠ ለማየት ነው! አጋዘኑ ብዙም ሳይርቅ ወድቆ አገኘነው፤ ቪዲዮው ላይ ያለው ግን ነጭ ጭስ ብቻ ነው። አየሩ ከረጠበ ደግሞ ቦግ ብሎ ሳይተኩስ ይቀራል። ለጥቂት ቀን ተከፍሎት የመጣ የቀረጻ ቡድን በዚህ አይጫወትም።

ገንዘቡም አለ። እነዚያን ፕሮግራሞች የሚያቆማቸው ማስታወቂያ ነው፤ የመነጽር፣ የጥይት፣ የቀስት፣ የልብስ። አንድ ቆርቆሮ ባሩድ፣ እርሳስና ጥቂት ባልጩት ገዝቶ ወቅቱን ሙሉ የሚያድን ሰው ለነጋዴ ምኑም አይደል። እርግጥ ቶኒ ናይት የሚባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1985 ኤምኬ-85 የተባለውን ዘመናዊ ዓይነት ካወጣ ወዲህ ባፈሙዝ የሚጎርሰውም ገበያ አግኝቷል። ግን መነጽር ከተገጠመለት ስክሪን ላይ ከተራ ጠመንጃ አይለይም፤ ምናልባት እያያችሁት አልፋችሁት ይሆናል።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የዚህ አደን ውበቱ የሚቆረጠው ክፍል ላይ ነው። ባሩዱ ከሚያዝበት ቀንድ በቀጥታ ጠመንጃው ውስጥ አይገለበጥም፤ ካለፈው ተኩስ ውስጥ የቀረ ፍም ካለ ቀንዱ እጅ ላይ ይፈነዳል። መጀመሪያ በመስፈሪያ ይለካል። ቅባት የጠጣች ጨርቅ አፈሙዙ ላይ ትነጠፋለች፣ ክብ አረር ይቀመጥባታል፣ በዘንግ እስከ ታች ይገፋል። ዘንጉ ላይ የተጫረች ምልክት አለች፤ እሷ ከአፈሙዙ ጋር እኩል ካልሆነች አረሩ ባሩዱ ላይ አልተቀመጠም ማለት ነው፣ አይተኮስም። ቀረጻ አርትዖት የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ ሁለት ሰከንድ ያደርገዋል። ወደ ቋራና መተማ ቆላ ወርደው ያደኑ ሽማግሌዎች ሲያወሩ የሰማ ሰው ግን ያውቃል፦ ስለ ዱካው፣ ስለ ነፋሱ፣ አድብተው ስለተኙበት ቁጥቋጦ ነው አምሽተው የሚያወሩት፤ ተኩሱ አንድ ቃል ነው።

«ኃይል የለውም» ላላችሁት ደግሞ፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እዚሁ ጎንደር ጠመንጃውን በአረር ፈንታ የሞራ ሻማ አጉርሶ ሦስት ጋሻ መብሳቱን ራሱ ጽፏል። ሻማ!

ማየት የምትፈልጉ ትልልቆቹን ቻናሎች ተዉና «ፍሊንትሎክ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፈልጉ፤ ለራሳቸው የሚቀርጹ ተራ አዳኞች ታገኛላችሁ። እዚህ አገር ያለፈቃድ ማደን ክልክል ነው፣ ዋልያማ ጭራሽ አይታሰብም። በባህል ትርኢት ላይ ተኩስ ልትቀርጹ ከሆነ ግን እንደኔ ከተኳሹ ኋላ አትቁሙ። ራቅ ብላችሁ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ከጎን ሁኑ፤ ጭሱ ወደ ማዶ ይሄድላችኋል።