ኢሙሌተር፣ የድሮ ጌምና የቅጂ መብት፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ስለ ድሮ ጌም ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው «ቆይ ግን ሕጋዊ ነው?» ይላል። ከዚያ ክርክሩ ይጦፋል። ጥያቄያችሁን ሁሉ አንድ ላይ አምጡልኝ ብዬ ነበር፤ እንደ ጉድ አመጣችሁት። ጠበቃ አይደለሁም፤ የፍርድ ቤት ውሳኔዎቹን ግን አንብቤአቸዋለሁ። አብዛኛው የምጠቅሰው የአሜሪካ ሕግ ነው፤ ትልልቆቹ ክሶች የታዩት እዚያ ነዋ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሳታወሳስብ ንገረኝ፤ ኢሙሌተር ሕገወጥ ነው ወይስ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ነገሩ የሚምታታው ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲጨፈለቅ ነው። ኢሙሌተር የኮንሶሉን፣ ማለትም የጌም ማጫወቻ መሣሪያውን፣ ሥራ በኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ሮም ፋይል ደግሞ የጌሙ ቅጂ ነው። የሁለቱ ጉዳይ ለየቅል ነው።

ስለ መጀመሪያው ፍርድ ቤት ተናግሯል። ኮኔክቲክስ የሚባል ኩባንያ በ1999 የፕሌይስቴሽን ጌም በማኪንቶሽ ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውት ፕሮግራም አወጣ። የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ ከሰሰ። ኮኔክቲክሶች የኮንሶሉን ባዮስ (ኮንሶሉን የሚያስነሳውን የውስጥ ፕሮግራም) ኮፒ አድርገው አሠራሩን ፈልፍለው አጥንተዋል፤ ይህን አልካዱም። ገበያ ላይ ባዋሉት ፕሮግራም ውስጥ ግን የሶኒ ኮድ አልነበረም፤ የራሳቸውን ጽፈዋል። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2000 ለጥናቱ ሲባል የተደረገው ቅጂ ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው፣ ማለትም ሕጉ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ የሚፈቅደው ነው፣ ብሎ ወሰነ። ሶኒ ምን አደረገ? ፕሮግራሙን ገዝቶ ከገበያ አወጣው። በዚያው ዘመን ብሊም የሚባል ሌላ ኢሙሌተርም ከሶኒ ጋር ተካስሶ ረትቶ ነበር። የጠበቃው ወጪ ግን ጨረሰውና በ2001 ተዘጋ። ረትቶ መክሰር ይሉሃል ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ኢሙሌተር ሕጋዊ ከሆነ ዩዙ ለምን ተዘጋ ታዲያ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ዩዙ የኔንቲንዶ ስዊች ኢሙሌተር ነበር። ኔንቲንዶ በፌብሩዋሪ 2024 ሲከስ ክርክሩን በሌላ በር አመጣው። አሜሪካ በ1998 ባወጣችው ሕግ መሠረት የዲጂታል ቁልፍን መስበር ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። የስዊች ጌሞች የተመሰጠሩ ናቸው። ዩዙ ጌሙን ለማስነሳት ምስጢሩን መፍታት ነበረበት፤ ክሱ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። በዚያ ላይ ኔንቲንዶ አንድ ትልቅ ጌሙ ገበያ ላይ ሳይውል ሾልኮ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ዳውንሎድ ተደርጓል ሲል ከሰሰ። ዩዙዎች ብዙም ሳይቆዩ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማምተው ዘጉ።

ልብ በሉ፤ ጉዳዩ በስምምነት ነው ያለቀው። ዳኛ ተቀምጦ «ኢሙሌተር ክልክል ነው» አላለም። የ80ዎቹና የ90ዎቹ የካርትሪጅ (ኮንሶሉ ላይ በሚሰካ ቀፎ የሚሸጡ) ጌሞች ደግሞ በአብዛኛው የተመሰጠሩ ስላልሆኑ ይህ ክርክር እነሱ ላይ እምብዛም አይነሳም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ላለ ኮንሶል የሚሠራ ኢሙሌተርን እንደ ቅርስ ጥበቃ አድርጎ ማቅረብ አይዋጥልኝም።

ጥያቄ፦ ሮም ፋይል አውርደህ በ24 ሰዓት ውስጥ ካጠፋኸው ችግር የለውም ይላሉ።

መልስ፦ እንዲህ የሚል ሕግ የትም የለም። የሮም ሳይቶች ራሳቸውን ለማጽናናት የሚለጥፉት ነው።

ጥያቄ፦ ዋናው ካርትሪጅ ቤቴ አለ። ከኢንተርኔት ባወርደው ምን አለበት? የኔው ጌም አይደል?

መልስ፦ ይህን የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ራስህ ከካርትሪጅህ ስታወጣው እንዴት እንደሆነ እንይ። የመዳብ ጥርሶቹን በአልኮል ትጠርጋለህ፣ ካርትሪጁን ለዚሁ በተሠራ ማንበቢያ መሣሪያ ላይ ትሰካለህ፣ ማንበቢያውን በዩኤስቢ ከኮምፒውተርህ ጋር ታገናኛለህ። ወዲያው አንድ ፋይል ይወጣል። የ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 40 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ በስልክህ ካነሳኸው አንድ ፎቶ በብዙ እጥፍ ያንሳል። የአሜሪካ ሕግ የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለቤት የመጠባበቂያ ቅጂ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ተመሳሳይ ድንጋጌ አለው። ይህ ለጌም እስከ ምን ድረስ ይሠራል የሚለው ያከራክራል። ምክንያቱም ጌም ኮድ ብቻ ሳይሆን ሥዕልም ሙዚቃም ነው፤ የአውሮፓው ፍርድ ቤት በ2014 ይህንኑ ብሏል። ያም ሆኖ የምትከራከርበት ነገር አለህ።

ስታወርድ ግን ቅጂው የወጣው ካንተ ካርትሪጅ አይደለም። ሌላ ሰው ያለፈቃድ አባዝቶ ያሰራጨው ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ የኤምፒ3 ዶት ኮምን ታሪክ ይይ። ኩባንያው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሲዲዎችን ገዝቶ ሰርቨሩ ላይ ገለበጠ። ተጠቃሚው ያንኑ ሲዲ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከቶ እንዳለው ሲያሳይ፣ ሙዚቃውን ከሰርቨሩ ያዳምጣል። «ያለውን ነው የሰጠነው» ብለው ተከራከሩ። በ2000 ተረቱ። የጌም ጉዳይ አይደለም፤ «የራሴን ነው ያወረድኩት» የሚለው ክርክር ግን ምን ያህል እንደሚያዋጣ ያሳያል።

ጥያቄ፦ ባዮስስ?

መልስ፦ እሱም የኩባንያው ኮድ ነው፤ ከራስህ ኮንሶል አውጣው። አንዳንድ ኢሙሌተሮች የራሳቸውን ምትክ ስለጻፉ ጭራሽ አይጠይቁህም።

ጥያቄ፦ ጌሙን የሠራው ኩባንያ ከፈረሰስ? ባለቤት የሌለው ነገር የሁሉም አይደለም?

መልስ፦ ኩባንያ ሲፈርስ መብቱ አብሮት አይቀበርም። ይሸጣል፣ አበዳሪ ይወስደዋል፣ ሌላ ኩባንያ ጉያ ውስጥ ይገባል። ጊዜውም ረጅም ነው፤ በአሜሪካ ለኩባንያ ሥራ ከታተመበት ጀምሮ 95 ዓመት። ያ 40 ኪሎባይት ማሪዮ ነፃ የሚወጣው 2081 ሲገባ ነው። ስንቶቻችን እንደምንደርስበት እንጃ!

የሚያናድደው ባለቤቱ ራሱ ባለቤት መሆኑን የማያውቅበት ጊዜ መኖሩ ነው። በ2000 የወጣ «ኖ ዋን ሊቭስ ፎርኤቨር» የሚባል የስለላ ጌም አለ። የሚመለከታቸው ኩባንያዎች በሽያጭና በውህደት ሲገላበጡ መብቱ ማን ጋ እንደቀረ ተድበሰበሰ። ናይትዳይቭ የሚባል የድሮ ጌሞችን አድሶ የሚያወጣ ድርጅት ገንዘብ ይዞ ፈቃድ ፍለጋ በየበሩ ዞረ። አልተሳካለትም። ለመክፈል የተዘጋጀ ሰው ተቀባይ አጣ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሕጉን ተወውና ህሊናህ ምን ይላል? ማውረዱ ስርቆት ነው አይደለም?

መልስ፦ ሕጉ «ጥሰት» ይለዋል፤ እኔ ግን ሁሉንም በአንድ ሚዛን አላስቀምጠውም።

የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው በገበያ ላይ አይገኙም። እነዚህን በሕጋዊ መንገድ ለመጫወት ያለህ ምርጫ አሮጌ ካርትሪጅ ከነኮንሶሉ መግዛት ነው። የከፈልከው ግን ሰብሳቢው ኪስ ነው የሚገባው፤ ለሠሪው ሳንቲም አይደርሰውም። እንዲህ ያለውን ጌም አውርዶ የተጫወተን ሰው ሌባ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

ጌሙ ዛሬ በሕጋዊ መንገድ እየተሸጠ ከሆነ ግን ግዛው፤ «የድሮ ነው» የሚለው ሰበብ አይሆንም። በተለይ ሠሪው ሁለት ሦስት ሰው ያለበት ቡድን ከሆነ። ከሁሉ የሚያንገሸግሸኝ ሺህ ጌም ሚሞሪ ካርድ ላይ ጠቅጥቆ የሚቸበችበው ነው። ኮዱን አልጻፈ፣ ሥዕሉን አልሣለ፣ ኢሙሌተሩንም በነፃ ከሠሩት ልጆች ነው የወሰደው።

ጥያቄ፦ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ኢሙሌተር ይጠቀማሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ሶኒ በ2018 ያወጣው ፕሌይስቴሽን ክላሲክ ውስጡ የሚሠራው ፒሲኤስኤክስ ሪአርምድ የሚባል ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ኢሙሌተር ነው። አዎ፣ ያው ኮኔክቲክስን የከሰሰው ሶኒ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ተመራማሪ ነኝ። ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጌሞችን ለምን አያውሱንም?

መልስ፦ እህቴ፣ ሞክረው ነበር። የተጠበቁ ጌሞችን ለተመራማሪ ከርቀት ለመክፈት ልዩ ፈቃድ ጠየቁ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በኦክቶበር 2024 አይሆንም አለ፤ የጌም ኩባንያዎቹ ማኅበር አጥብቆ ተቃውሞ ነበር። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ በአካል መሄድ አለብሽ። ይህ ውሳኔ ለማን እንደጠቀመ እስካሁን አልገባኝም።

ጥያቄ፦ አውርዶ የተከሰሰ ሰው አለ?

መልስ፦ ክሱ በአብዛኛው የሚያነጣጥረው አከፋፋዩን ነው። በ2018 ላቭሮምስ የሚባለው ሳይት ባለቤቶች ላይ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደ። በ2021 የሮምዩኒቨርስ ባለቤት 2.1 ሚሊዮን ተፈረደበት፤ በወር 50 ዶላር እንዲከፍል ተባለ፣ እሱንም አልከፈለም። አውራጁን አይነኩም ማለት ግን ፈቀዱለት ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ከጃፓን ውጪ ያልወጣ ጌም አለ፤ አድናቂዎች ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመውታል። እሱስ?

መልስ፦ ማዘር 3ን ከሆነ፣ በ2006 በጃፓን ወጣ፣ በ2008 አድናቂዎች ተርጉመው በነፃ ለቀቁት። በሕግ ትርጉም የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ንጹሕ ነው አልልህም። ጠንቃቃ ቡድኖች ግን የሚያሰራጩት ፓች ብቻ ነው፦ የተቀየሩትን ባይቶች የያዘች ትንሽ ፋይል። ጌሙን አንተ ከራስህ ካርትሪጅ አውጥተህ ፓቹን ትጭንበታለህ። ጌሙም ትርጉሙም አንድ ላይ ያለበት ፋይል ከሰጡህ ግን እሱ ፓች አይደለም፤ ሮም ፋይል ነው፣ ላይ የመለስኩት ሁሉ ይመለከተዋል።