ሴሎቼ ወደ ኢኦታክሲን አልሄድ አሉኝ ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ፣ ለማስተርስ ጥናትሽ ከደም የለየሽው ኢኦሲኖፊል (አለርጂ ላይ የሚሳተፈው ነጭ የደም ሴል) ትራንስዌሉ ላይ (ቀዳዳ ባለው ሽፋን ከላይና ከታች የተከፈለው ጉድጓድ) ወደ ኢኦታክሲን (ኢኦሲኖፊልን የሚጠራ ኬሞካይን፣ ማለትም ሴል የሚጠራ ፕሮቲን) አልሄድ ብሎሽ "ዶዙን ልጨምር ወይ" ያልሽውን ሳነብ ልቤ ድንግጥ ነው ያለው፣ እኔም እዛው ጋ ነው አምስት ወር የባከነብኝ። እባክሽ አትጨምሪ፣ ቀንሺ።

1. ዶዝ። እኔ ሴሎቹ ትንሽ ብቻ ሲያልፉ ኬሞካይኑ አንሶ ነው ብዬ እጥፍ አደረግኩት፣ ያለፈው ቀነሰ። አስር እጥፍ ሳደርገው ጭራሽ ኬሞካይን ከሌለበት ኮንትሮል ጋር እኩል ሆነ፣ አድቫይዘሬም "እጅሽ ነው፣ ተጠንቅቀሽ አትሰሪም" አለኝ፣ ያቺ ቃል እስካሁን ታመኛለች። እጄ አልነበረም! ግራፉ እንደ ኮረብታ ነው፣ ወጥቶ ይወርዳል። ሴሉ የሚያነበው ኬሞካይኑ ስንት እንደሆነ ሳይሆን በአንድ ጎኑና በሌላው ጎኑ መሀል ያለውን ልዩነት ነው፣ ስለዚ ሁሉም ሲሲአር3 ሪሴፕተር (ሴሉ ኢኦታክሲንን የሚይዝበት ተቀባይ) በዙሪያው ከተያዘ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅበት ነገር የለውም፣ በዛ ላይ የተያዘው ሪሴፕተር ወደ ሴሉ ውስጥ ይገባና ሴሉ ለጊዜው መስማት ያቆማል። ሰውነት ውስጥም ነገሩ ያው ነው፣ የአየር ቧንቧው ሽፋን ሴሎች ኢንተርሉኪን-4 እና 13 (የመከላከያ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባቸው ፕሮቲኖች) ሲደርሳቸው ኢኦታክሲን ያመርታሉ፣ እሱም የደም ስሩ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ካሉት የስኳር ሰንሰለቶች ጋር ይጣበቃል፣ ባይጣበቅ ደሙ ጠርጎ ይወስደው ነበር፣ እየተንከባለለ የሚያልፈው ኢኦሲኖፊል እዛ ሲነካው ኢንተግሪኖቹን (ግድግዳውን የሚይዝባቸውን ፕሮቲኖች) ያጠብቅና ቆሞ በግድግዳው ሾልኮ ይወጣል። ሂስታሚን (የመጀመሪያውን የአለርጂ ዙር የሚያመጣው ኬሚካል) በደቂቃ ውስጥ ነው የሚሰራው፣ ይሄ ግን ሰዓታት ይፈልጋል፣ ለዛ ነው ሁለተኛው የአለርጂ ዙር ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ የሚመጣው። 0.1፣ 1፣ 10፣ 100 ናኖሞላር ብለሽ ሞክሪ፣ የኔ ጫፍ 10 ላይ ነበር። ኢኦታክሲን 8.4 ኪሎዳልተን አካባቢ ስለሆነ 10 ናኖሞላር ማለት በሚሊሊትር ወደ 84 ናኖግራም ነው፣ ዩኒት ስትቀይሪ እዚህ ጋ ተጠንቀቂ።

2. ፕላስቲክ። ኬሞካይን ቱቦው ላይ ይጣበቃል፣ ሚዲየምሽ ላይ 0.1 ፐርሰንት አልቡሚን ጨምሪ፣ በትንሽ በትንሹ ከፋፍለሽም አቀዝቅዢው፣ ደጋግመሽ አታቅልጪው። እሺ ይሄ ይቅርና ዋናው ጉድ የገጠመኝ ከመለያ ኪቱ ጋር ነው። ኪቱ ኒውትሮፊልን (ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ላዩ ላይ ያለውን ሲዲ16 በሚይዝ አንቲቦዲ ይዞ ያስቀርና ኢኦሲኖፊሉን ነጻ ይለቃል አይደል፣ እና እሱ አርብ ከሰዓት ደረሰ፣ የግዢ ክፍሉ ሰውዬ ፎርሙ ላይ አንድ ፊርማ ጎድሏል ብሎ መደርደሪያ ላይ ትቶት ሄደ። ሰኞ ጠዋት ሄጄ "ይሄ እኮ ፍሪጅ ይፈልጋል" ስለው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ "እኛ እቃ እንቀበላለን እንጂ ፍሪጅ ጠባቂ አይደለንም" አለኝ። ዝም ብዬ ይዤ ወጣሁ፣ ጥፋቴ እሱ ነው፣ ኪቱን ሳልፈትሽ ተጠቀምኩበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ውጤት የለም! መጨረሻ ላይ ስላይድ ቀብቼ ማይክሮስኮፕ ስር ሳየው ከመቶ አርባ የሚሆነው ኒውትሮፊል ነበር፣ ኒውክለሱ ሦስት አራት ቦታ የተከፋፈለ፣ የኢኦሲኖፊል መለያ የሆነው ቀዩ እህል እህል የሚመስለው ነገር የሌለበት። ኒውትሮፊል ደግሞ እሱን ለሚጠራው ኬሞካይን ለኢንተርሉኪን-8 እንጂ ለኢኦታክሲን ደንታ የለውም፣ እኔ ግን ሁሉንም ኢኦሲኖፊል ብዬ ቆጥሬ "አልሄዱም" እላለሁ። ስለዚ በየዙሩ ስላይድ ቀቢ፣ አንድ ጉድጓድ ላይ ደግሞ ኢንተርሉኪን-8 አድርጊ፣ ብዙ ሴል ካለፈልሽ ችግሩ ንጽህናው ነው ማለት ነው።

ደም የሚሰጥሽ ሰው የስቴሮይድ ኪኒን እየወሰደ እንደሆነም ጠይቂ፣ ኢኦሲኖፊሉ ከደሙ ስለሚጠፋ ቀኑን ሙሉ ለፍተሽ ምንም ላታገኚ ትችያለሽ።

3. ከላይም ከታችም ኬሞካይን ያለበት ኮንትሮል አድርጊ። ሴሎቹ እንደዛም እኩል ካለፉ ዝም ብለው እየተንቀሳቀሱ ነው እንጂ ተጠርተው አይደለም። ከ1973 ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ነው ግን ማንም አልነገረኝም፣ የመመረቂያ ጥናቴ መከላከያ ላይ ግን መጀመሪያ የተጠየቅኩት እሱን ነው፣ ደግነቱ ሰርቼው ነበር። ከዛ አንዱ ፈታኝ "ዱፒሉማብ የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ደማቸው ውስጥ ኢኦሲኖፊል የሚጨምረው ለምንድነው፣ መድሃኒቱ አለርጂ ይቀንሳል አላላችሁም ወይ" አለኝ። መድሃኒቱ የኢንተርሉኪን-4 እና 13ን መልእክት ሲዘጋ ኢኦታክሲኑ ይቀንሳል፣ መቅኔው ግን ሴሎቹን ማምረቱን አላቆመም፣ ወደ ቲሹ የሚጠራቸው ስለጠፋ ደም ውስጥ ይቀራሉ ተብሎ ነው የሚታሰበው ብዬ መለስኩ። አድቫይዘሬ እዛው ቁጭ ብሎ እየሰማ ነበር፣ ያቺን ቀን አልረሳትም።

አሁን የተጠቀምሽውን ዶዝና ንጽህናው ስንት ፐርሰንት እንደሆነ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ማታ አየዋለሁ።