ኩዋላ ሉምፑር ላይ የማታ ገበያ የት ልሂድ፣ ምንስ ልብላ ላልሽው

እህቴ፣ ረቡዕ ማታ ከተማው ውስጥ ከሆንሽ ቼራስ ወዳለው ታማን ኮናውት ሂጂ። ማሌዢያውያን ገበያውን «ፓሳር ማላም» ይሉታል፤ የማታ ገበያ ማለት ነው። እዚህ ሰፈር የሚቆመው ረቡዕ ብቻ ነው። ርዝመቱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ምቹ ጫማ አድርጊ። በዚያው ስም የሚጠራ የባቡር ጣቢያ በቅርቡ አለ።

መጀመሪያ ያገኘሽው ጋ አትጥገቢ። ከሁሉም በፊት አፓም ባሊክ ፈልጊ። ሊጡ ክብ መጥበሻ ላይ ይፈስና የተፈጨ ለውዝ፣ ስኳርና በቆሎ ተነስንሶበት ይታጠፋል። ዳሩ ኩርሽም ይላል፣ መሀሉ ለስላሳ ነው። ትኩሱን እዚያው ቆመሽ ብዪው፤ ከቀዘቀዘ ያ ጣዕም የለም! ሳቴም አያምልጥሽ። በእንጨት ተሰክቶ ከሰል ላይ የተጠበሰ ሥጋ ነው፣ በለውዝ ማባያ ይበላል። ለጥሙ የሸንኮራ ጭማቂ አለ፤ ፊትሽ ይጨምቁልሻል።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። አካባቢው ቻይናውያን የሚበዙበት ስለሆነ የአሳማ ሥጋም ይሸጣል። የማትበዪ ከሆነ ሳታፍሪ ጠይቂ። ረቡዕን የምትጾሚ ከሆነ ደግሞ ወጦቹ ላይ ተጠንቀቂ፤ ብዙዎቹ የተፈጨ ደረቅ ሽሪምፕ (ትንሽ የባሕር እንስሳ) ይገባባቸዋል። ቼንዶል ግን ለጾም ይሆናል፦ በረዶ፣ የኮኮናት ወተት፣ የዘንባባ ስኳርና ከሩዝ ዱቄት የተሠራ አረንጓዴ ነገር ነው። እኔ እሱን ሁለት ጊዜ ነው የደገምኩት።

ዝርዝር ሪንጊት (የማሌዢያ ገንዘብ) ያዢ። ዝናብም አይታመንም፣ ጃንጥላ አትርሺ።