ሳማ ከአጥር ሥር እስከ ድስት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከግቢያችን አጥር ሥር ሳማ ሞልቷል። ለፍልሰታ ወጥ ልሠራው ብሞክር እጄን ለበለበኝ፤ ወጡም ውሃ ሆነ፣ ሲበላ ደግሞ አሸዋ አሸዋ ይላል። ምን አጥፍቼ ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በደንብ አጥበውት ከሆነ አሸዋ ያሰኘው እርጅናው ነው። ሳማ ካበበ በኋላ ቅጠሉ ውስጥ የኖራ ቅንጣት ይጠራቀማል፤ ይህን ደግሞ የቱንም ያህል ቢቀቅሉት አያለሰልሰውም። ሳያብብ፣ ከጫፉ ከ4 እስከ 6 ለጋ ቅጠል ብቻ ይቅጠፉ። ያረጀውን ቢያጭዱት ክረምቱ ሳይወጣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሳማ ፍግ ስለሚወድ በረት አጠገብ ይፋፋል፤ ከሽንት ቤት ፍሳሽ፣ ከመኪና መንገድ ዳርና ፀረ አረም ከተረጨበት ማሳ ግን አይልቀሙ።

የሚለበልበው በቅጠሉና በግንዱ ላይ ያለው መርፌ መሰል ፀጉር ነው። ሲነኩት ጫፉ ይሰበርና ፈሳሹን ቆዳ ውስጥ ይረጫል። ስስ የላስቲክ ጓንት አያስጥልም፤ ወፍራም ጓንት ወይም መቆንጠጫ ይያዙ።

ለ4 ሰው 400 ግራም ያህል ቅጠል ያስፈልጋል። ብዙ ይመስላል እንጂ ሲበስል ከእፍኝ ብዙም አይተርፍም። በሚፈላ ውሃ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይቀቅሉት፤ መለብለቡ እዚያው ያበቃል። አጥልለው በደንብ ይጭመቁትና ይክተፉት። ወጡን ውሃ ያደረገው ይህን መዝለል ሳይሆን አይቀርም። ሽንኩርት በዘይት ካቁላሉ በኋላ ሳማውን፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና 2 ብርጭቆ ውሃ ይጨምሩ። 3 የሾርባ ማንኪያ የባቄላ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ያስገቡ፤ ዱቄቱ በደረቁ ፍል ውሃ ላይ ከተነሰነሰ ይጓጉላል። እያማሰሉ 20 ደቂቃ ያንተክትኩት፤ ቶሎ ከወረደ ጥሬ ጥሬ ይላል። ጨውና ቃሪያ መጨረሻ ላይ ይግቡ። ሲቀርብ ሎሚ ጠብ ቢያደርጉበት በሳማው ያለውን ብረት ሰውነት በተሻለ ይወስደዋል፤ ሻዩን ግን ትንሽ ያቆዩት።

ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ሳማ አያዘውትር፤ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ያዳክማል።

ጥያቄ፦ እዚህ ጀርመን በየመናፈሻው ሳማ አያለሁ። የአገራችን ነው? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ዘመዱ ነው። የእኛው ሳማ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። አዘገጃጀቱ ግን አንድ ነው፤ እዚያ ለጋ የሚሆነው ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ነው። የጀርመን ሕግ ከተከለሉ ቦታዎች ውጭ ለራስ የሚሆን ጥቂት መልቀም ይፈቅዳል። ውሻ ከሚንሸራሸርበት ጥግ ብቻ ይራቁ።

ጥያቄ፦ ሳማ በእሳት ከረገበ ሌላውም መርዛም ቅጠል ቢቀቀል ይበላል ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም! አስተናግርን (አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ) ያስቡ። ገና በቡቃያው ሳለ ጎመን መስሎ ከጎመን ጋር ይለቀማል፤ መርዙም በመቀቀል አይጠፋም። ቅጠሉ ሲታሽ ይከረፋል፣ ሲያድግ እሾሃም ፍሬ ያፈራል። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይቀባጥራል። እንዲህ ያለ ምልክት ካዩ ወተት እያጠጡ ጊዜ አያባክኑ፤ የተረፈውን ቅጠል ይዘው በአፋጣኝ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።