መልስ፦ ከጦርነት በኋላ መጀመሪያ ምርጫ ነው ወይስ እርቅ?

ወንድሜ፣ ተኩስ ያቆመ አገር ቶሎ ምርጫ ቢያደርግ አይሻልም ወይ ላልከው፣ እኔ አይሻልም ባይ ነኝ። አንጎላን እይ፣ መንግሥትና አማፂው በፈረንጆቹ 1991 ሰላም ተፈራረሙ በ1992 መስከረም ምርጫ አደረጉ፣ ግን የሁለቱም ወገን ጦር በደንብ ሳይበተን ስለነበር የአማፂው መሪ ሳቪምቢ ምርጫው ተጭበርብሯል አለና ወደ ውጊያው ተመለሰ፣ እሱ በ2002 እስኪሞት አገሩ ሲነድ ኖረ። ሞዛምቢኮች ግን በ1992 ሮም ላይ ከፈረሙ በኋላ ምርጫውን አዘገዩት፣ ታጣቂው መጀመሪያ ካምፕ ገብቶ መሳሪያውን አስረከበ፣ ለ2 አመት መቋቋሚያ ብር እየተሰጠው ወደ ቤቱ ሄደ፣ ምርጫው በ1994 ጥቅምት ሆነ። በምርጫው የተሸነፈው የአማፂው ቡድን ሬናሞም ከ250 ወንበር 112 ይዞ ፓርላማ ገባ፣ ባዶ እጁን አልቀረም፣ ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። በ2013 እንደገና ተኩስ መነሳቱ እውነት ነው፣ ግን እስከዛ ገበሬው ሃያ አመት አርሷል።

እኛ ጎጃምም እኮ ደም ሲደርቅ ሽማግሌ ቸኩሎ አያስታርቅም፣ ይመላለሳል፣ ካሳው ይቆረጣል፣ መሃላ አለ። የጦርነት ደም ግን ለሽማግሌ ብቻ አይጣልም፣ ሰው የሚያምነው ፍርድ ቤት ይፈልጋል፣ ልጇ የሞተባት እናት ማን እንደገደለው ተነግሯት ማልቀስ አለባት።