መልስ፦ የአንደኛ ክፍል ልጄ በዚህ መንፈቅ ዓመት ምን እየተማረ ነው?

እህቴ፣ ልጅሽ ሀ ሁን እንደ ውሃ እየጠጣው መጽሐፍ ሲከፈትለት ለምን እንደሚደናገር ጠይቀሻል። አንደኛ ክፍል ስለማስተምር ልመልስልሽ።

እኛ ክፍል ፊደል ቆጠራው አልቆ አሁን ያለነው ቃል ማንበብና ቃለ ጽሕፈት ላይ ነው። ብዙ ልጅ የሚቸገረው ሳድሱ፣ ማለትም የየፊደሉ ስድስተኛ ቅርፅ ላይ ነው። ካዕብና ሳልስ (ሁለተኛውና ሦስተኛው) መልካቸው ይገመታል፤ ሳድስ ግን ል፣ ም፣ ር፣ ን እያለ ቅርፁ በየፊደሉ ይለያያል። «ልብስ» ብዬ ሳጽፋቸው «ለበሰ» ብለው የሚያመጡልኝ አሉ። ድምፁን በደንብ ሰምተውታል፣ የጠፋባቸው ፊደሉ ነው።

ስለዚህ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር አታስወርጂው። ከመሃል እየነጠልሽ ጠይቂው፤ ለ እና ሰን፣ ነ እና ኘን፣ ተ እና ቸን ጎን ለጎን ይጻፍ። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። እባክሽ በቁጣ ግን አይሁን፤ የፈራ ልጅ ይገምታል እንጂ አያነብም፣ ይህን ክፍል ውስጥ በየቀኑ አያለሁ።

ሒሳቡ መደመርና መቀነስ ነው፣ ባቄላ እየቆጠረ ይሥራ። አካባቢ ሳይንሱ ስለ ቤተሰብና ስለ ሰፈር ስለሆነ ብዙም አያስቸግረውም። ማታ ማታ ደብተሩን እዪለት፤ በቀይ የታረመውን ቃል ደግሞ እንደገና አስጽፊው።