መልስ፦ ጅማ ላይ ማተሚያ ቤት በዲዛይነርነት ልግባ ወይስ በግሌ ልሥራ?

እህቴ፣ «ደመወዙን ሥራሽን አይተን እንጨምራለን» ካሉሽ ውሉን በጽሑፍ ሳትይዢ አትጀምሪ። ለግል ድርጅት በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ የሚያጸናልሽ የተፈራረምሽው ነው። የሙከራ ጊዜውም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም።

ከብሩ እኩል ሰዓቱን ጠይቂ። ሕጉ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል፤ ሠርግና ምረቃ ሲደራረብ ግን ባነሩም መጥሪያ ካርዱም «ለነገ ጠዋት ይድረስ» ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው ትርፍ ሰዓት የሰዓት ደመወዝሽ በ1.75፣ የሕዝብ በዓል ሲሆን በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ይህን ስትነግሪው የሚስቅ ባለቤት አይጠፋም፣ ይሳቅ፤ አንቺ አስጽፊው። ቪዲዮ ማቀናበርና የቴሌግራም ገጽ መያዝ «እግረ መንገድሽን» ከተባለ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፣ ለብቻው ይታሰብ። መብራት ሲጠፋ የሚባክነውስ ሰዓት በማን ነው?

በግልሽ ከሆነ ግማሹን ቀብድ ተቀበይ፣ የእርማቱን ብዛትም አስቀድመሽ ገድቢ። አለዚያ አንድ አርማ «ቀለሙን ትንሽ» እየተባለ ሳምንት ይፈጃል። እኔ ብሆን ሁሉም ዋጋ የሚሰብርበትን ባነር ትቼ የቡናና የማር ማሸጊያ ላይ አተኩራለሁ። የመጀመሪያዎቹን ደንበኞች እስክታገኚ ግን ማተሚያ ቤቱን አትናቂው፤ የኅትመቱን ሙያ የምትለምጂው እዚያ ነው።